ፕላዝማና ኤልሲዲ ከእናቴ ዱካ ላይ ሲታዩ

ሰሞኑን የማንበቢያ መብራቴ አልበራ ብሎኝ ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ጀርባ ወዳለች አንዲት የጥገና ቤት ይዤው ሄድሁ። ጠጋኙ ጢሙ የሸበተ፣ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሳይሆን ግንባሩ ላይ የሚያኖር ሰው ነው። መብራቴን ተቀብሎ ወደ ጎን አደረገና «ይቺን ልጨርስ፣ ትንሽ ይታገሡኝ እትዬ» ብሎ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ሰፊ ቴሌቪዥን ሶኬት ላይ ሰካ። ቀድሞ የመጣው ሥዕል ወይም ድምፅ አልነበረም፤ ሽታ ነው። ዘመን የተኛ አቧራ በአንድ ጊዜ ሲግል የሚሰጠው፣ ቆሎ ቆሎ የሚል፣ ግን አፍ የማያስመኝ ሽታ።

«ፕላዝማ ነው» አልሁ፣ መስታወቱ ገና ሳይበራ።

«አወቁት?» አለና መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደው፤ በደንብ ሊያየኝ መሰለኝ። «ዛሬ ማንም አይጠይቀው። ሆዱን ከፍቼ የሚጠቅመውን ላወጣ ነው። እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ በጊዜው ከኤልሲዲ ጋር አቅርበው ምረጡ ቢሉዎት የቱን ይወስዱ ነበር?»

«ማን እንደሚያየው፣ የት ተቀምጦ እንደሚያየው ሳላውቅማ አልመርጥም።»

«አስተማሪ ነዎት?»

«የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበርሁ።»

«እሱን ማለቴ ነው» አለና ወደ ብሎኖቹ ተመለሰ።

መብራቴን ይዤ ቤት ከገባሁ በኋላም ጥያቄው አልለቀቀኝም። ዛሬ በየቤቱ የሚሰቀለው ቴሌቪዥን እንደ ደብተር ሽፋን ቀጭን ነው፤ ከየትም ቢያዩት ያው ነው፤ ምርጫው የስፋትና የኪስ ጉዳይ ሆኗል። ያኔ ግን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ እንደ በሬ ግዥ ነበር። ጥርስ የሚያይ አለ፣ ትከሻ የሚዳስስ አለ፣ ሳይገዛ ገበያ ውሎ የሚመለስም አለ፤ ዋጋውም ቢሆን ከደህና በሬ አያንስም። የፕላዝማ ወገኖች «ጥቁሩ ጥቁር ነው፣ የሰው መልክ የሰው መልክ ይመስላል» ይላሉ። የኤልሲዲ ወገኖች «ይደምቃል፣ አይከብድም፣ መብራት አይበላም» ይላሉ። ጠላ ቤት ተቀምጠው በዚህ ሲከራከሩ የሰማኋቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዳቸውም ቴሌቪዥን አልነበራቸውም። እኔ የሁለቱንም ወገን ክርክር እያዳመጥሁ በልቤ እመዝን ነበር፤ እስከማውቀው ድረስ ሁለቱም ልክ ነበሩ።

እኔ የፕላዝማ ወገን ነበርሁ፤ ምክንያትም ነበረኝ። ፕላዝማን ያወቅሁት ሳሎን ውስጥ ሳይሆን ክፍል ውስጥ ነው። በልጅነቴ ተድሬ፣ ትዳሩ ሳይሆን ቀርቶ ወደ አባቴ ቤት ተመለስሁ። ትምህርት ቤት የገባሁት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ለማስመዝገብ በሚሰለፉበት ዕድሜ ነው፤ መዝጋቢው ቀና ብሎ «ልጅቷ የት አለች?» ብሎኛል። ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ ያ ጥቁር መስታወት ቁልፍ ባለው የብረት ሳጥን ውስጥ ሆኖ በየክፍሉ መጥቶ ተቀመጠ። በከተማችን «ፕላዝማ» ሲባል ሰው ቴሌቪዥን አይታየውም ነበር፤ አስተማሪ ነበር የሚታየው። ጎረቤታችን እትዬ ሽታዬ «ያ ፕላዝማችሁ ይማታል እንዴ?» ብላ ጠይቃኛለች። «አይማታም፤ ግን አይጠብቅም» አልኋት። እውነቴን ነው፣ አይጠብቅም። በውስጡ ያለው መምህር እንግሊዝኛውን እንደ ክረምት የላህ ወንዝ ያወርደዋል፤ «አሁን እናንተ ሥሩ» ይላል፤ እርሳሴን ቀርጬ ሳልጨርስ «በጣም ጥሩ» ይላል። ማንን ያመሰግን እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ልብሴ ሰማያዊ ሹራብና ልብስ ሰፊው ለእኔ ብቻ ቁርጭምጭሚት ድረስ ያስረዘመው ቀሚስ ነው፤ እግሬ ላይ ክረምት ከበጋ የማይለየው የላስቲክ ጫማ አለ። ዕድሜዬ እያሳፈረኝ ከበሩ ጥግ፣ ከሁሉም በስተጎን እቀመጥ ነበር። ከዚያ ጥግ ሆኜም ሥዕሉ እንደ መካከለኛው ወንበር ሙሉ ሆኖ ይመጣልኛል፤ ፊደሉ አይደበዝዝም፣ የሰውየው ፊት አይጠቁርም። ለጥግ ሰው የሚያስብ ዕቃ ነው ብዬ ወደድሁት። በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ ኤልሲዲ መሰቀል ሲጀምር፣ ወረፋ ስጠብቅ ከጎን እያየሁ አስተዋልሁ። ፊት ለፊት ለተቀመጠ ያበራል፤ ለጥግ ሰው ግን አመድ ይለብሳል።

ቴሌቪዥን ወደ ወላጆቼ ቤት የመጣው በእናቴ ምክንያት ነው። እናቴ መስማት እየተሳናት ነበር። በትክክል ለመናገር፣ መስማት እንደተሳናት ከእሷ በቀር ሁላችንም እናውቅ ነበር። እሷ «እናንተ ናችሁ ድምፃችሁን የምትውጡት» ትላለች። በእኛ አገር በዕድሜ የገፋን ሰው «አይሰሙም» ማለት ከስድብ አይለይም፤ ስለዚህ ማንም አይናገርም፤ ይጮኻል እንጂ። ከሁሉ ይበልጥ የሚጮኹት አባቴ ነበሩ። አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ስለሚሏቸው እኛ ልጆቻቸውም፣ እናቴም ጭምር «የኔታ» ነበር የምንላቸው። ለተማሪ ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ተማሪው ነው አንገቱን የሚያሰግግ። ለእናቴ ሲናገሩ ግን ወንዝ ማዶ ያለ ሰው የሚጠሩ ይመስሉ ነበር። እሷም «ምን አጥፍቼ ነው?» ብላ ትቆጣለች። ያቺ በሠርግ ቤት የተቀመጠችበት ጥግ ቀድሞ የሚሞላላት ጨዋታ አዋቂ፣ ቀስ በቀስ ከጨዋታችን ወጣች። ራት ላይ አንድ ነገር ተነግሮ ስንስቅ ተራ በተራ ታየናለች፣ ዘግይታ ፈገግ ትላለች፣ ከዚያ «ደከመኝ» ብላ ትነሣለች። ቤት ውስጥ ተቀምጣ እየራቀችን መሆኗ ነበር ያስፈራን። ታናሽ ወንድሜ አለምነው፣ ቡሬ ላይ በርበሬ የሚነግደው፣ «በጆሮ ካልሆነ በዓይን እናጫውታት፤ ቴሌቪዥን እኔ እገዛለሁ» አለ። «ምርጫው የአንቺ ነው እታለም፤ አንቺ ሳታጣሪ የሚገዛ ነገር የለም» ብሎ ጨመረ።

ቡሬ ሄድሁ። ያኔ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ለሚኒባስ የምንከፍለው ዛሬ አንድ ብርጭቆ ሻይ አይገዛም። ማንኩሳ ላይ የበርበሬ ጆንያ ተጭኖልን ተሳፋሪው በሙሉ እያስነጠሰ፣ ረዳቱ ለእያንዳንዱ «ይማርህ፣ ይማርሽ» ማለት ሰልችቶት በመጨረሻ «ሁላችሁንም ይማር» ብሎ በሩን ዘጋ። ቡሬ መናኸሪያ ማዕዘን ላይ የነበረው ዘፈን ቤት ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ የሠርግ ዘፈን ይለቅ ነበር፤ አንዲት ማሲንቆ ከኤሌክትሪክ መሣሪያ ጋር ስትታገል ትሰማለች። ዛሬ በዚያ ማዕዘን የሞባይል ቀፎ ይሸጣል። አለምነው ያን ጊዜ የነጋዴ ደንብ ልብስ የሆነውን ቡናማ የቆዳ ጃኬት ለብሶ፣ ሞባይሉን ከነማኅደሩ ቀበቶው ላይ ሰክቶ ጠበቀኝና ሞላ ወደሚባል ወዳጁ ሱቅ ወሰደኝ። ሞላ ሁለቱን ቴሌቪዥኖች ጎን ለጎን አቁሞ አንድ ዓይነት ፊልም ከፍቶባቸዋል፤ አበባ ይፈነዳል፣ ብርቱካን ይላጣል፣ ደግሞ አበባ ይፈነዳል። መጀመሪያ ከፊት አየኋቸው። ቀጥሎ ከቀኝ፣ ከግራ። ከዚያ ነጠላዬን አጣጥፌ የሱቁ ወለል ላይ ቁጭ አልሁ።

«ኧረ እትዬ» አለ ሞላ ደንግጦ፣ «ወንበር ላምጣልዎት።»

«አያስፈልግም። እናቴ ወንበር ላይ አትቀመጥም።»

«ሁሉም ሰው ቆሞ ነው የሚገዛው እኮ።»

«ቆሞ ነው የሚያየው?»

ሞላ ወደ ወንድሜ ዞረ። አለምነው «ታገሣት፣ መጽሐፍም ስትገዛ ገጽ የጎደለ እንዳይኖር አንድ ባንድ ታገላብጣለች» አለው። ከወለሉ ላይ ሳይ የኤልሲዲው ብርቱካን ከሰል መሰለ፤ አበባው የት እንዳለ ጠፋ። የፕላዝማው ግን እንዳለ ነበር። «ይኸኛው» ብዬ ፕላዝማውን አሳየሁ።

ሞላ ሐቀኛ ሰው ነው፤ ውዱን ልሽጥ አላለም። «ቀን ቀን በራችሁ ክፍት ነው የሚውለው?» አለኝ።

«ክፍት ነው።» በእኛ ሰፈር ቀን በሩን የዘጋ ቤት ወይ ታማሚ አለበት ወይ ተጣልቶ ነው።

«እንግዲያው ፕላዝማ ስትከፍቱ ፊልሙን ሳይሆን መንገዱን ነው የምታዩበት፤ መስታወቱ እንደ ኩሬ ነው። ጨለማ ይወዳል። ይከብዳል፣ ይግላል፤ የእናንተ ሰፈር መብራት ደግሞ ማታ ማታ አቅም የለውም ይባላል።»

አለምነው ኤልሲዲውን ባንድ እጁ ብድግ አድርጎ አሳየኝ። ከፋዩ እሱ ስለሆነ ዝም አልሁ፤ ዝም ስል ግን ያልተስማማሁ መሆኔ እንዲታወቅ አድርጌ ነበር። ኤልሲዲው ተገዛ።

የወላጆቼን ሳሎን እንዴት እንደነበር መናገር አለብኝ፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባም። በዚያ ቤት ሁሉም ሰው ቦታ አለው። የኔታ ባለመደገፊያው ወንበር ላይ፣ እንግዳ በቀኛቸው መደቡ ላይ፣ እኔና አለምነው ሲመጣ ከእንግዳው ቀጥለን። የእናቴ ቦታ ከእኛ ማዶ፣ ከጓዳው በር አጠገብ፣ ዱካ በምንላት አጭር የእንጨት መቀመጫ ላይ ነው። ከዚያ ሆና ምድጃዋንም፣ ደጁንም፣ እኛንም ታያለች። ቴሌቪዥኑ ከየኔታ ወንበር ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ያውም ከሰው ቁመት በላይ። ውድ ዕቃ ዝቅ ብሎ አይቀመጥም የሚል ስምምነት ሳንነጋገርበት በሁላችንም ዘንድ ነበር፤ ዶሮዎቹም ቢሆኑ ይገቡ ነበር። እናቴ ራሷ የሠራችው ዳንቴል ከላይ ተጣለበት፤ ከፋብሪካ የመጣበትን ላስቲክ አለምነው አላስላጥ አለ። እንዲህ ሆኖ ሲሰቀል፣ የእናቴ ዱካ ከዚያው ግድግዳ ሥር ወደ ጎን ስለሆነች፣ እሷ ሁሉንም በአግድሞሽና ከሥር ነበር የምታየው። እኔ ይህንን አውቄ፣ ምንም አይታያትም፣ ተስፋ ቆርጣ ትተወዋለች ብዬ ጠበቅሁ።

አልተወችውም። ቴሌቪዥኑ በመጣ በጥቂት ቀን እናቴ ተመለሰች። ከራት በኋላ «ደከመኝ» ማለቷን ተወች፤ ሰፌዷን ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር እየለቀመች ትቀመጣለች፤ ስንስቅ አብራን ትስቃለች፤ እንዲያውም ታስቀናለች። የኔታ ከሁሉም የባሕር ውስጥ ፊልም ይወዱ ነበር። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ሰብስበው አንድ ትልቅ ዓሣ ሲያዩ ቆዩና ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ «ይህ ፍጥረት የሚተኛው መቼ ይሆን?» አሉ። እናቴ ከማዶ «ሌሊቱን ሙሉ የሚያንጎራጉር ባል ከሌለው በጊዜ ይተኛል» አለች። የኔታ እስኪያስላቸው ሳቁ። በዚያን ጊዜ አልጮኹም ነበር፤ ይህንን ልብ ያልሁት ግን ቆይቶ ነው። ያን ምሽት የተደሰትሁት እናቴ በመመለሷ ነው፤ የገረመኝ ደግሞ ኤልሲዲው እኔ እንዳሰብሁት አለመሆኑ ነው። አለምነው በመጣ ቁጥር «የቱ ነበር የሚሻለው እታለም?» ይለኛል። «ገና እያጠናሁ ነው» እለዋለሁ።

አንድ እሑድ እናቴ ማኅበሯ ሄዳ ዱካዋ ባዶ ሆነች። ሽንኩርት ልከትፍ ጓዳ ስገባ ስወጣ ዕረፍት አምሮኝ ቁጭ አልሁባት፤ ቀና ብዬም ቴሌቪዥኑን አየሁ። ዜና የምታነበዋ ሴት ፊቷ የለም። ጥርሷ ጥቁር፣ ዓይኗ ነጭ፣ ልብሷ አመድ። አንገቴን አጣመምሁ፣ ከፍ አልሁ፣ ዝቅ አልሁ፤ ያው ነው። ጥያቄው ያን ጊዜ ተለወጠብኝ። እናቴ በዚህ ጨለማ ውስጥ ምን እያየች ነው የምትስቀው? ስትመለስ ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ ከዚህ ሆነሽ ይታይሻል?»

«ምን እንዳይታየኝ?»

«ሥዕሉ ይጠቁራል እኮ። ወደ የኔታ ጎን ነይና ተቀመጪ።»

«እኔ እንግዳ ነኝ?» አለችና ምድጃዋን ልታይ ሄደች።

ለየኔታና ለአለምነው ነገርኋቸው። የሁላችንም ልብ ተነካ፤ ለእሷ ተብሎ የተገዛው ነገር ለእሷ ብቻ የማይታይ ሆኖ፣ እሷም እንዳናዝን ብላ የሳቃችንን ዱካ እየተከተለች የምትስቅ መሰለን። ዝቅ አድርገን እንስቀለው አልን፤ ወደ ታች ሲጎተት የሪሲቨሩ ገመድ አልደርስ አለ፤ ወደ እሷ ሲያዘነብል ደግሞ ከየኔታ ወንበር ሲታይ ጠቆረ። አለምነው በመጨረሻ «እታለም ልክ ነበረች፤ ፕላዝማ ይምጣ» አለ። ኤልሲዲውን ወደ ራሱ ቤት ወስዶ በምትኩ ፕላዝማውን ላከልን። ሁለት ሰው ተሸክሞት ገባ፤ አንደኛው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ውሃ ከጠጣ በኋላ «ይኸ ለቤት ነው ወይስ ለትምህርት ቤት?» አለ። እትዬ ሽታዬ ወሬውን ሰምታ የልጅ ልጇን ይዛ መጣች፤ ሒሳብ እንዲያስጠናላት። መምህሩ ለብቻው እንደሚመጣ ለማስረዳት ብዙ ደከምሁ።

ሞላ እንደመከረው ማታ አምፖሉን አጥፍተን ከፈትነው፤ አብረን ስናበራቸው አምፖሉ ራሱ እያንቀላፋ ያስቸግር ነበር። ምን ልበል፣ ያማረ ነበር። የኔታ «ዓሣው ዛሬ ገና ውሃ ውስጥ ገባ» አሉ። እኔ ቀድሜ ዱካዋ ላይ ተቀምጬ ፈትሼዋለሁ፤ ከሥርም፣ ከጎንም ሙሉ ነው። እናቴን «አሁንስ?» አልኋት፣ አፌን ወደ ጆሮዋ አስጠግቼ። «ያምራል» አለች። ከዚያ ዝም አለች። በማግሥቱም ዝም አለች። በሳምንቱ «ደከመኝ» የሚለው ቃል ተመለሰ፤ ሰፌዱ ጓዳ ቀረ። የኔታ «ምን ሆነሻል?» ብለው ሲጮኹ «ምን አጥፍቼ ነው?» ትላለች። የምትፈልገውን ሁሉ ለማየት የሚያስችላት ነገር ፊቷ ተሰቅሎ፣ ያቺ ሴት ከቀድሞው ይበልጥ ራቀችን።

በዚያ ሰሞን ሥራ ቦታዬ መጽሐፍ እያወጣሁ እየመለስሁ ስለዚህ ብቻ አስብ ነበር። ሰው የማያየውን እያየ ይስቃል፤ የሚያየውን ሲያገኝ ዝም ይላል። ምናልባት ያ የመጀመሪያው ቴሌቪዥን ራሱ ለምዳው ናፍቋት ይሆን? ዕቃ እንደ ጎረቤት ይናፍቃል? አንድ ምሽት ገና ከራት ሳንነሣ መብራት ሄደ። የኔታ ሻማ አስለኮሱና መሶቡ ጠርዝ ላይ፣ በእኛ መካከል አቆሙት። ስለ ፈረስ ቤት ከተማ ገበያና ስለ አንድ በቅሎ ሻጭ የቆየ ወሬ ያወሩኝ ጀመር፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ለእኔ ነበርና የሚያወሩት። እናቴ ከማዶ «በቅሎዋ ግራጫ አልነበረችም፤ ቡላ ነበረች» አለች። ያልተጠየቀችውን። ከዚያም ወሬውን ተቀብላ የሻጩን አነጋገር እየቀዳች እስክንፈርስ አሳቀችን። መብራት መጣ፤ ሻማው ጠፋ፤ ፕላዝማው በራ፤ አምፖሉ ጠፋ። እናቴ ትንሽ ቆይታ ተነሣች።

ያን ሌሊት ብዙ አልተኛሁም፤ ሲነጋ ለመሞከር ቸኮልሁ። እናቴ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ፊት ቆማ ነበር። ፊቷ ቆሜ፣ ድምፅ ሳላወጣ፣ ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስሁ «እማዬ፣ ጨው አልቋል» አልሁ።

«ቅዳሜ ገዝቻለሁ እኮ፤ ከእንሥራው ጀርባ ፈልጊ» አለችኝ።

የሰማችው ነገር አልነበረም። ያየችው ነው። ስንት ዓመት እንዲህ እንደኖረች እግዜር ይወቅ፤ ምናልባት እሷም «ሰማሁ» እንጂ «አየሁ» ብላ አታውቅ ይሆናል። ያን ጊዜ ሳሎኑ ከነቦታው ተገለጠልኝ። ከዱካዋ ላይ የምታየው ቴሌቪዥኑን ሳይሆን እኛን ነበር። ኤልሲዲው እንዲያ ደምቆ ሲበራ፣ አምፖሉም እያለ፣ ያ ነጭ ብርሃን ከግድግዳው ላይ ወርዶ በሦስታችን ፊት ላይ ይፈሳል፤ አፋችን እንደ ፊደል ገበታ ይነበባል። ፕላዝማው ጨለማ ይወዳል፤ ለራሱ ያምራል፣ ለሰው ፊት ግን የሚተርፈው ጥቂት ነው። እኔ ሱቁ ወለል ላይ ተቀምጬ የሥዕሉን አበባ ስመረምር፣ መመርመር የነበረበት ፊት ለፊቱ የቆመው የሞላ ፊት ነበር። ዛሬም ዕቃ ሲመረጥ ስሰማ ይህ ትዝ ይለኛል፤ ሁላችንም ወደ መስታወቱ ነው የምንዞረው፣ ብርሃኑ ወዴት እንደሚያርፍ የሚጠይቅ የለም።

የኔታን ከጓሮው ማንጎ ሥር አግኝቼ ነገርኋቸው። መጽሐፋቸውን ዘጉ።

«እንግዲህ እኔ ስጮኽ…» አሉ።

«ሲጮኹ አፍዎ ይጣመማል፤ ጢምዎም ይሸፍነዋል። አይነበብም።»

«ቁጣ ነው የሚነበበው» አሉ ቀስ ብለው። ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። ከዚያ ቅኔ ቤት ውስጥ ነገር ሲያቀኑ እንደሚያደርጉት ጣታቸውን አነሡ። «አንድ ነገር ልንገርሽ። ለእሷ አንዲት ቃል እንዳትነግሪ። ጆሮዋን ደብቃ የኖረችው ከእኛ ነው፤ እኛ ከገለጥነው ምን ይቀራታል? ጥፋቱን እኔ እወስዳለሁ።»

በዚያው ምሽት ለእናቴ፣ ፊት ለፊቷ ቆመው፣ «ያ ፕላዝማ ዓይኔን ያቃጥለኛል። ይሞቃልም። አልተስማማኝም፤ የፊተኛው ይመለስልኝ» አሏት።

«እርስዎ ደግሞ ምን የሚስማማዎት አለ» አለች እናቴ።

አለምነው ኤልሲዲውን ተሸክሞ ከቡሬ ሲመጣ ላቡን እየጠረገ «ይህ ቴሌቪዥን ከእኔ ይበልጥ መንገድ ያውቃል» አለ። ምክንያቱን በጓሮ ሹክ ስለው ጃኬቱን አውልቆ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ገብቶ በዚያው ከፍታ፣ በዚያው ሚስማር ላይ ሰቀለው። ዳንቴሉ ተመለሰ። ፕላዝማውን ለመውሰድ ሁለት ሸካሚ ፍለጋ ወጣና ሰው አጥቶ ተመለሰ፤ ፕላዝማው ያን ሌሊት ደጅ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር አደረ።

ሲመሽ አምፖሉን አብርተን ኤልሲዲውን ከፈትን። ብርሃኑ የየኔታ ሽበት ላይ፣ የአለምነው ግንባር ላይ፣ መሶቡ ላይ ሲያርፍ አየሁ፤ ከዚህ በፊት አይቼው አላውቅም፤ ሁልጊዜ በፊቴ ያለውን ነበር የማየው። እናቴ ሰፌዷን ይዛ ዱካዋ ላይ ተቀመጠች፤ ምስሩን በጣቷ መበተን ጀመረች። ማዶ ባሕሩ፣ ዓሣው። የኔታ ዓይናቸውን ከዓሣው ሳይነቅሉ ወደ እኔ ዘንበል አሉና በቅኔ ቤቱ ዝቅተኛ ድምፅ «አለምነው እንዳይለፈልፍ ንገሪው» አሉኝ። «ለማን ብለን እንደመለስነው እንዳታውቅ።»

እሺ ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ። የምስሩ ድምፅ ቆሞ ነበር።

«ለማን ብላችሁ ነው የመለሳችሁት?» አለች እናቴ።

የኔታ አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ። ጥቂት ቆይተው ጋቢውን አወረዱ፤ ጢማቸውን በእጃቸው ወደ ጎን ገለጥ አድርገው፣ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ፣ «ለአንቺ» አሉ።

እናቴ አየቻቸው፤ እኔንም አለምነውንም አየችን፤ እንደገና እሳቸውን አየቻቸው።

«እንዲህ ሳይጮኹ ሲናገሩማ ይሰማል» አለችና ወደ ምስሯ ተመለሰች።